አንቲባዮቲክ ያለበትን ውሃ በተባባሪ ባክቴሪያዎች ማጽዳት፦ ከሳምፕል እስከ ሪአክተር

ይሄ ስራ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው አልበላ ብሎ አይደለም፣ ሰው ያልተበላውን ተበላ ብሎ ስለሚመዘግብ ነው። የሚለካው ማሽን መድኃኒቱ የለም ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከዛ ባክቴሪያ ያልገባበት ፍላስክ ሲታይ እዛም የለም። ወይ ብርሃን ሰብሮታል፣ ወይ ባክቴሪያው የመጣበት የፍሳሽ ጭቃ ላይ ተለጥፏል፣ ወይ ግማሹ ተበልቶ የቀረው ቁራጭ ሌላ ስም ይዞ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ "የት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁ።

መመሪያው ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማብሰያ)፣ የባዮሴፍቲ ካቢኔት፣ ሼከር (ፍላስክ የሚነቀንቅ) እና ኤችፒኤልሲ (ውሃ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ለይቶ የሚለካ ማሽን) ላላችሁ ነው (ኤችፒኤልሲው የጎረቤት ላብ ቢሆንም ችግር የለውም)። ቤት ውስጥ በባልዲ ምናምን እንዳትሞክሩት። የምታባዙት መድኃኒት የማይገድለውን ባክቴሪያ ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 1፦ አንድ መድኃኒት ብቻ ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሰልፋሜቶክሳዞል (ከሰልፋ ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ) ያዙ። ፔኒሲሊን ውሃ ውስጥ ራሱ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ቴትራሳይክሊን ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ይያያዛል፣ ጭቃ ላይ ይለጠፋል፣ ብርሃንም አይችልም፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንደዛው ይለጠፋል። በነዚህ ከጀመራችሁ ባክቴሪያው የሰራውንና በራሱ የጠፋውን መለየት ያደክማችኋል። ሰልፋሜቶክሳዞል ግን ውሃ ውስጥ ጠንካራ ነው፣ ጭቃ ላይ ብዙም አይለጠፍም፣ የሚፈርስበት መንገድም በደንብ ይታወቃል።

መንገዱን ያዙት፣ ኋላ ውጤት ስታነቡ ያስፈልጋችኋል። ሳድኤ እና ሳድሲ የሚባሉ ጂኖች ያሏቸው ባክቴሪያዎች (ማይክሮባክቴሪየም፣ ፔንአርትሮባክተር፣ ሉኮባክተር ውስጥ ተገኝተዋል) ሞለኪዩሉን መሃሉ ላይ ይቆርጡታል። የሚወጣው ሰልፋይት፣ 4-አሚኖፌኖል እና 3-አሚኖ-5-ሜቲልአይሶክሳዞል ነው። አሚኖፌኖሉን ብዙ ጊዜ ያው ቆራጩ ራሱ ይበላዋል። አይሶክሳዞሉ ቁራጭ ግን ለብዙዎቹ አይበላም፣ እዛው ተጠራቅሞ ይቀራል። እሱን የሚጨርስ ሌላ ባክቴሪያ ያስፈልጋል፣ አንዳንድ የኖካርዲዮይደስ ዝርያዎች ይችሉታል። የቡድን ነገር የመጣው በዚህ ነው፣ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል።

ደረጃ 2፦ ስቶክ (ወፍራም የመድኃኒት መፍትሄ) እና ሚዲየም (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ)

የመድኃኒት ስቶክ። 100 ሚሊግራም ንጹህ ዱቄት መዝኑና በ10 ሚሊሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙት፣ በ0.22 ማይክሮን አጣሩት፣ ጠርሙሱን በፎይል ሸፍኑት። አሁን በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አላችሁ፣ 0.5 ሚሊሊትር 100 ሚሊሊትር ሚዲየም ውስጥ ስትጨምሩ በሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ዱቄቱን አይመዝን፣ ሌላውም ሰው ጓንትና ማስክ ያድርግ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቶኩን በሜታኖል እንዳታሟሙት። ያቺ 0.5 ሚሊሊትር ሜታኖል 100 ሚሊሊትር ውስጥ ስትገባ በክብደት ከመድኃኒቱ 80 እጥፍ ገደማ ናት፣ ባክቴሪያው እሷን እየበላ ሲያድግ እናንተ መድኃኒቱን በልቶ አደገ ትላላችሁ። በጣም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ሚዲየም ለ1 ሊትር፦ ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 1 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.5 ግራም፣ አሞኒየም ክሎራይድ 0.5 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት (7 ውሃ ያለው) 0.2 ግራም፣ ካልሲየም ክሎራይድ (2 ውሃ ያለው) 0.02 ግራም፣ ብረት ያለበት የትሬስ ኤለመንት ቅልቅል 1 ሚሊሊትር። ፒኤች ከ7.0 እስከ 7.2። ማግኒዥየሙንና ካልሲየሙን ለየብቻ ኦቶክሌቭ አድርጉና ከቀዘቀዘ በኋላ ቀላቅሉ፣ አብራችሁ ካበሰላችሁት ነጭ ዝቃጭ ይሰራል። ቫይታሚን (ቢ12፣ ታያሚን፣ ባዮቲን) አጣርታችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ መድኃኒቱንም እንደዛው።

ደረጃ 3፦ ሳምፕሉን ማምጣት

ጥሩው ቦታ የሆስፒታል ወይም የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ነው፣ በተለይ አየር የሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ያለው ጭቃ። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ያየ ባክቴሪያ እዛ ይገኛል። ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ።

1. የጸዳ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉ። ጢም ካደረጋችሁት ጭቃው ኦክስጅኑን ጨርሶ ይታፈናል።
2. በበረዶ ሳጥን ይዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብ አድርሱ።
3. በሴንትሪፊውጅ አውርዳችሁ በፎስፌት በፈር (ፒኤቹ የማይቀያየር የጨው ውሃ) ሦስት ጊዜ እጠቡት። ይሄን አትዝለሉ፣ ካልታጠበ ከፍሳሹ የመጣ ምግብም የቆየ መድኃኒትም አብሮ ይገባና የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ትርጉም ያጣል።

ፍሪዝ እንዳታደርጉት፣ ጥሬ ጭቃ ያለ ግሊሰሮል ከቀዘቀዘ ብዙ ይሞትበታል።

ደረጃ 4፦ ማላመድ

500 ሚሊሊትር የሚይዝ ፍላስክ ውስጥ 100 ሚሊሊትር ብቻ ሚዲየም አድርጉ፣ ቀሪው ለአየር ነው። 10 ሚሊሊትር የታጠበ ጭቃ ጨምሩ፣ መድኃኒቱን በሊትር 5 ሚሊግራም ጀምሩ፣ ፍላስኩን ሙሉ በሙሉ በፎይል ጠቅልሉት፣ 28 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 ዙር።

ከዚሁ ጋር በዛው ቀን፣ በዛው ሼከር ላይ እነዚህን ኮንትሮሎች (ማነጻጸሪያ ፍላስኮች) አስቀምጡ፣ እያንዳንዱን በሦስት ፍላስክ፦

ሀ. ሚዲየምና መድኃኒት፣ ባክቴሪያ የለም። በራሱ የሚጠፋውን ያሳያል።
ለ. ሚዲየም፣ መድኃኒትና የሞተ ጭቃ። የሚለጠፈውን ያሳያል። ጭቃውን በ121 ዲግሪ 20 ደቂቃ ግደሉት፣ በማግስቱም ድገሙት፣ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) አንድ ጊዜ በማብሰል ላያልቅ ይችላል።
ሐ. ሚዲየምና ህያው ጭቃ፣ መድኃኒት የለም። ያለመድኃኒቱም የሚያድገውን ያሳያል።

ለመግደል ሶዲየም አዛይድ የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔ አልመክርም። መርዝ ነው፣ አሲድ ከነካው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ በብረት ቧንቧ ከተደፋም ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይሰራል። ኦቶክሌቭ ካለ ምን አስፈለገ።

ከዛ በየ7 ቀኑ ለኩ። ከገባው መድኃኒት ቢያንስ ግማሹ ከጠፋና ኮንትሮሎቹ ካልተነቃነቁ፣ ከፍላስኩ 10 ሚሊሊትር ወስዳችሁ አዲስ 90 ሚሊሊትር ሚዲየም ውስጥ ጨምሩ፣ መጠኑንም ከፍ አድርጉ፦ 5፣ 10፣ 25፣ 50። ካልጠፋ ሳምንቱ አለቀ ብላችሁ እንዳታዛውሩ፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ባክቴሪያ በየዝውውሩ እየቀጠነ ያልቃል፣ የምትፈልጉት ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ወር አልፎት ምንም ካልተነቃነቀ፦ መጠኑን ወደ 1 ሚሊግራም አውርዱ፣ በሊትር 0.1 ግራም ሶዲየም አሲቴት ለማነቃቂያ ጨምሩ፣ ፒኤቹን እዩ፣ ቫይታሚኑ ገብቶ እንደሆነ ሌብሉን እዩ። አሁንም እምቢ ካለ ከሌላ ቦታ ሌላ ጭቃ አምጡ። የሌለ ጂን በመጠበቅ አይመጣም።

ኮንትሮል ሀ ላይ ከጠፋ ፎይሉን ፈትሹ፣ ሳምፕል ስትወስዱ ከፍታችሁት መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ባክቴሪያዎቹን መለየት

1. ከለመደው ፍላስክ በየ10 እጥፉ እስከ አንድ ሚሊዮንኛ ቀጥኑ።
2. ሩብ ጥንካሬ ባለው አርቱኤ አጋር (ምግቡ ቀጭን የሆነ ጠጣር ሚዲየም) ላይ ዘርጉ፣ አጋሩ ውስጥ በሊትር 50 ሚሊግራም መድኃኒት ይኑር።
3. ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ሁለተኛ ቀን ላይ የወጣውን ትልቅ ኮሎኒ ብቻ ለቅማችሁ ሳህኑን እንዳትጥሉት፣ በ8ኛው በ10ኛው ቀን ብቅ የሚሉት ጢንጢዬዎች ናቸው ብዙ ጊዜ ስራ የሚሰሩት።
4. በቀለም በቅርጽ የሚለያዩትን ሁሉ ውሰዱ፣ እስኪጠሩ ድረስ ደጋግማችሁ ስትሪክ አድርጉ (አዲስ ሳህን ላይ እየሳሳ እንዲሄድ አስምሩ)።
5. እያንዳንዱን በ16ኤስ ሲኩዌንስ (ዝርያን የሚለይ የጂን ንባብ) አስለዩ።

ሳህን ላይ አደገ ማለት መድኃኒቱን በላ ማለት አይደለም። ተቋቁሞት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አጋሩ ውስጥ ሌላ ምግብ አለዋ። እያንዳንዱን አጥባችሁ ፈሳሽ ሚዲየም ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ብቻውን ፈትኑት።

ውጤቱ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ፣ ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተር ባውማኒ የመሳሰሉ ሆስፒታል ውስጥ ሰው የሚያጠቁ ካሉት ከቡድኑ አውጡት። ጎበዝ በላተኛ ቢሆንም አውጡት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

እያንዳንዱን ንጹህ ባክቴሪያ፣ ያልተለየውን ሙሉ ቡድንም ጭምር፣ በ20 ፐርሰንት ግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። ሙሉ ቡድኑን ማስቀመጥ ብዙ ሰው ይረሳል፣ ኋላ የተለዩት አልሰራም ሲሉ የሚመለሱበት ያጣሉ። ስታባዟቸውም መድኃኒቱን ከሚዲየሙ አታውጡ፣ በሀብታም ሚዲየም ያለመድኃኒት ደጋግማችሁ ካሳደጋችኋቸው ችሎታውን ሊጥሉት ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ቡድኑን ማቀናጀት

ሦስት እጩ አላችሁ እንበል፦ ሰባሪ (መድኃኒቱን የሚቆርጥ)፣ ጠራጊ (አይሶክሳዞሉን የሚበላ)፣ አጋዥ (ራሱ የማይበላ ግን እሱ ሲኖር ሌሎቹ የሚፈጥኑ)። ጠራጊውን ለማግኘት ሰልፋሜቶክሳዞሉን ተዉትና አይሶክሳዞሉን ቁራጭ ብቻውን ገዝታችሁ እንደ ብቸኛ ምግብ አቅርቡ፣ ደረጃ 4ን በሱ ድገሙት። በመድኃኒቱ ብቻ ስታላምዱ ጠራጊ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

1. ሦስቱንም ለየብቻ አሳድጉ፣ ሁለት ጊዜ በበፈር እጠቡ።
2. እያንዳንዱን ኦዲ 600 (የባክቴሪያውን ብዛት የሚያሳይ የድፍርስነት ልኬት) ላይ 0.05 እንዲሆን ጨምሩ።
3. ሁሉንም ጥምረት ስሩ፦ ብቻ ብቻ ሦስት፣ ጥንድ ጥንድ ሦስት፣ ሁሉም አንድ ላይ አንድ። ሰባት ናቸው፣ ሁለት ኮንትሮል ሲጨመር ዘጠኝ፣ በሦስት ሲባዛ 27 ፍላስክ።
4. ከነዚህ ሌላ ሰባሪው ብቻውን በ0.15 የተጨመረበትም ይኑር። ለምን ካላችሁ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የባክቴሪያው ብዛትም ሦስት እጥፍ ነው፣ የፈጠነው በመተባበር ነው ወይስ በቁጥር የሚለውን በዚህ ታውቃላችሁ።

አጋዡ በእርግጥ የሚያግዝ ከመሰላችሁ እሱ ያደገበትን ፈሳሽ በ0.22 አጣርታችሁ ለሰባሪው ስጡት። በፈሳሹ ብቻም ከፈጠነ አጋዡ የሚሰጠው የሚሟሟ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ወይም አሚኖ አሲድ፣ እሱን ራሳችሁ ብትጨምሩት አጋዡን ማሳደግ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቡድን በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለውን አትመኑ፣ ስራ የሌለው አባል የሌሎቹን ምግብና ኦክስጅን ይሻማል።

ፈሳሹ ቡናማ ከሆነ አሚኖፌኖሉ ተጠራቅሞ በአየር እየተቃጠለ ነው፣ ባክቴሪያውንም ይመርዛል። መጠኑን ቀንሱ፣ ወይም አሚኖፌኖል በደንብ የሚበላ ሌላ አባል ፈልጉ። አንዱ ሌላውን ውጦ ካጠፋው ደግሞ ምጥጥኑን ቀይሩ፣ ቀርፋፋውን በ10 እጥፍ አብዝታችሁ አስገቡ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ይግባ።

ደረጃ 7፦ በትክክል መለካት

በ0፣ 6፣ 12፣ 24፣ 48 እና 72 ሰዓት 1 ሚሊሊትር ውሰዱ፣ ወዲያው በሴንትሪፊውጅ አውርዱ፣ የላይኛውን በ0.22 አጣሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ድፉ። አንዳንድ ፊልተር መድኃኒት ይውጣል፣ ስለዚህ መጠኑን የምታውቁትን መፍትሄ አሳልፋችሁ ፊልተሩን ቀድማችሁ ፈትኑት። የኤችፒኤልሲው ሲ18 ኮለም (ውህዶቹን የሚለየው ቱቦ) ላይ መድኃኒቱን በ270 ናኖሜትር አካባቢ፣ አይሶክሳዞሉን ደግሞ ወደ 230 ወረድ ብላችሁ እዩት። በ270 ብቻ ካያችሁ አይሶክሳዞሉ ይሰወርባችኋል።

አሁን ሒሳብ ስሩ። የሰልፋሜቶክሳዞል ሞለኪዩል ክብደት 253.3 ነው፣ የአይሶክሳዞሉ 98.1። በሊትር 50 ሚሊግራም መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠና ቁራጩ ካልተበላ በሊትር 19.4 ሚሊግራም አይሶክሳዞል ማግኘት አለባችሁ። 19 አካባቢ ካገኛችሁ ሰባሪው ሰርቷል፣ ጠራጊው ተኝቷል። ወደ ዜሮ ከሆነና ሴንትሪፊውጁ ታች ያስቀመጠው ጭቃም በሜታኖል ተጠምቆ ሲለካ ባዶ ከሆነ በእርግጥ ተበልቷል። መድኃኒቱም የለም፣ ቁራጩም የለም፣ ጭቃው ላይ ግን አለ ከሆነ ተለጥፎ ነው።

ውሃው አሁንም የባክቴሪያ እድገት ያቆማል ወይ የሚለውንም ፈትሹ። የተጣራውን ፈሳሽ መድኃኒቱ እድገቱን የሚያቆመው ኢኮላይ (ኤቲሲሲ 25922 የተለመደው ነው) የተዘረጋበት ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ጉድጓድ በስታችሁ እዛ ውስጥ ጨምሩ። ጎን ላይ ያልታከመውን ውሃ አድርጉ፣ እሱ ዙሪያው ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ካላወጣ ፈተናው ራሱ አልሰራም ማለት ነው። አጋሩ ታይሚዲን የበዛበት ከሆነ የሰልፋን ስራ ያከሽፈዋል፣ ታይሚዲኑ ዝቅተኛ የሆነውን ግዙ።

ደረጃ 8፦ ወደ ሪአክተር (ውሃ እየገባ እየወጣ የሚታከምበት ገንዳ) መውሰድ

ፍላስክ ላይ የሰራ ሪአክተር ላይ የሚወድቀው በዋናነት ታጥቦ ስለሚወጣ ነው። ባክቴሪያዎቹ ቀርፋፋ ናቸው፣ ውሃው ከነሱ ቀድሞ ይሮጣል። ስለዚህ የሚይዛቸው ነገር ያስፈልጋል።

የአልጂኔት (ከባህር አረም የሚወጣ ጄል) ኳስ ቀላል ነው፦ 2 ፐርሰንት ሶዲየም አልጂኔት ከታጠበ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅላችሁ 0.2 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ አንጠባጥቡ፣ ሁለት ሰዓት ይጠንክር። ግን ፎስፌት የበዛበት ውሃ ካልሲየሙን ይነጥቀውና ኳሱ ይሟሟል፣ ደረጃ 2 ላይ የሰራነው ሚዲየም ራሱ ያሟሟዋል። ለአጭር ሙከራ ፎስፌቱን ቀንሳችሁ ተጠቀሙት፣ ለወራት ከሆነ ግን ባዮፊልም (የባክቴሪያ ሽፋን) የሚያበቅሉ የፕላስቲክ ካሪየሮች (ተሸካሚ ቁራጮች) ይሻላሉ።

1. ካሪየሩን ከቡድኑ ጋር ያለ ፍሰት አየር እየነፋችሁ ሁለት ሳምንት ያህል አቆዩ፣ ቀጭን ሽፋን እስኪይዝ።
2. ፍሰቱን በ48 ሰዓት ቆይታ (ውሃው ሪአክተሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ) ጀምሩ። 5 ሊትር ሪአክተር ከሆነ ፓምፑ በደቂቃ 1.7 ሚሊሊትር ነው።
3. ሁለት ሳምንት ከተረጋጋ ወደ 24 ሰዓት (3.5 ሚሊሊትር)። ከዛ በኋላ ብቻ ወደ 12።
4. የተሟሟ ኦክስጅን በሊትር ከ2 ሚሊግራም አይውረድ፣ ፒኤች ከ6.8 እስከ 7.8።
5. መጀመሪያ ሰው ሰራሽ ውሃ፣ ከዛ ሩብ እውነተኛ ፍሳሽ፣ ግማሽ፣ ሙሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፍሳሽና ወንዝ ውስጥ ያለው መድኃኒት በሊትር ናኖግራም እስከ ማይክሮግራም ነው፣ እናንተ ያላመዳችሁት በ50 ሚሊግራም። በዛች ጥቂት መጠን ባክቴሪያው ሊኖር አይችልም፣ ሌላ ምግብ (እንደ አሲቴት) ያስፈልገዋል። ምግቡ ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱን ትቶ እሱን ይበላል፣ ሌሎች ፈጣን ባክቴሪያዎችም ቦታውን ይወርሳሉ። በትንሹ ጀምራችሁ እየለካችሁ ጨምሩ። በዛ መጠን ኤችፒኤልሲ አያያችሁም፣ ሳምፕሉን የሚያከማች ካርትሪጅና ማስ ስፔክትሮሜትር ያለው ላብ ያስፈልጋል።

ሲበላሽ፦

የሚወጣው ውሃ ላይ መድኃኒቱ ከሚገባው በለጠ? ማሽኑ አልተሳሳተ ይሆናል። ሰው ከሰውነቱ የሚያስወጣው አሲቲል የተለጠፈበት ሰልፋሜቶክሳዞል ሪአክተር ውስጥ ተመልሶ መድኃኒቱን ይሆናል። የሚገባው ላይ አሲቲሉንም ለኩ።

ጠፍቶ ከቀናት በኋላ ተመለሰ? ናይትራይት ለኩ። ኦክስጅን ሲያጥር ናይትራይት ይጠራቀምና መድኃኒቱን ወደ ናይትሮ መልክ ይቀይረዋል፣ ያ ደግሞ ኋላ ሊመለስ ይችላል። አየሩን ጨምሩ።

ቀስ በቀስ ደከመ? ሳድኤ ጂኑን በኪውፒሲአር (የጂን ብዛት የሚለካ ዘዴ) ቁጠሩ። ከወረደ ሰባሪው ታጥቦ ወጥቷል፣ ቆይታውን ወደ 48 መልሱና ከፍሪዘር አዲስ አባዝታችሁ ጨምሩ። ካልወረደ ባክቴሪያው አለ ግን ተርቧል ወይም ታፍኗል፣ ኦክስጅንና ፎስፈረስ እዩ።

ደረጃ 9፦ የሚወጣው ውሃና ቆሻሻው

መድኃኒቱን የሚበላው ባክቴሪያ ራሱ የመቋቋሚያ ጂን ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከሪአክተሩ የሚወጣውን ውሃ እንዲሁ እንዳትለቁት። በሚገባውና በሚወጣው ላይ ሱል1፣ ሱል2 (ሰልፋ የመቋቋሚያ) እና ኢንትአይ1 (ከመቋቋም መዛመት ጋር የሚያያዝ) ጂኖችን ቁጠሩ። የሚወጣው ላይ ከበዛ መድኃኒቱን አጥፍታችሁ ተቋቋሚ ባክቴሪያ እያመረታችሁ ነው። መጨረሻ ላይ አልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን አስገቡ፣ ከዛ ዩቪ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ደፍራሽ ውሃ ላይ ዩቪ አያልፍም።

ጭቃ፣ ካሪየር፣ ሳህን፣ ሁሉንም በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ኦቶክሌቭ አድርጉ። በረኪና ያለበትን ነገር ግን ኦቶክሌቭ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ደግሞም ኦቶክሌቭ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ሰልፋሜቶክሳዞሉን አያጠፋውም፣ ያልተበላ ስቶክና የኮንትሮል ፈሳሾች ሁሉ በኬሚካል ቆሻሻ ጠርሙስ ተሰብስበው ወደ ማቃጠያ ይሄዳሉ፣ ሲንክ ውስጥ አይደፉም።